ከተለማማጅነት ወራት ያተረፍኩት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ «ስለ ሙያህ አንድ ነገር በል» ሲለኝ ስለ ትልልቅ ሥራዎች ማውራት አልፈለግኩም። እነሱን ሻይ ላይ እናወራቸዋለን። ዛሬ የማነሳው ብዙዎቻችን ያለፍንበትን፣ ግን በቁም ነገር የማንጠቅሰውን ጊዜ ነው፤ የተለማማጅነት ወራትን።

እኔ የተለማመድኩት ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል የግራፊክ ዲዛይን ስቱዲዮ ነው። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፤ በቃ። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ታፔላ በብሩሽ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፎቶሾፕ እንደምችል ስነግራቸው «ጎበዝ! እስኪ አሁን ሰ እና ሸን በእርሳስ፣ በትልቁ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሰ አናቷ ላይ አንዲት አግድም መስመር ስትጨመርላት ሸ ትሆናለች። ፊደሉ ሲያንስ፣ ወረቀቱም ቀለም የሚመጥ ሲሆን፣ ያቺ መስመር ከአካሉ ጋር ተጣብቃ አትለይም። «አባት ለልጁ መሬት ሰጠ እና ሸጠ አንድ ነው እንዴ?» ይሉን ነበር ጋሼ። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ከ እና ኸም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ፎንት ስንመርጥ መጀመሪያ በትንሹ አትመን እነዚህን ጥንዶች እናያለን፤ ውበቱ ከዚያ በኋላ ነው።

የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ርዕስ ለማጉላት ያለን ውፍረት፣ መጠን፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ነው። ለእንግሊዝኛ የበቃው የመስመር ክፍተት አማርኛ ሲገባበት ይጠብባል። አራት ነጥብም ከቃሏ ተለይታ ብቻዋን ወደ ታችኛው መስመር መውረድ የለባትም። እነዚህን ነገሮች የተማርኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ካከበቧቸው ወረቀቶች ላይ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቴ ማተሚያ ቤቱ ነበር። ፋይል ይዞ መሄድ የተለማማጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ልጆች ተላላኪነት ይመስላቸዋል። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ማሽኑን አየሁ። ስክሪን የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም። ጥቁር ጽሑፍ ከአራቱም ቀለም ከተሠራ፣ ፕሌቶቹ በፀጉር ያህል ሲዛነፉ ጽሑፉ ጥላ ያወጣል። ለምን 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ እንደሚተው የገባኝ መቁረጫው ሲቆርጥ ሳይ ነው። አንድ የማሽን ባለሙያ ደግሞ ባዶ ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፈው 16 ገጽ አደረጉልኝና ቁጥር ጻፉበት፤ ሲዘረጉት 1ኛው ገጽ ከ16ኛው ጎን ተቀምጧል! በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ ለምን ለ4 መካፈል እንዳለበት ከዚያ ቀን በኋላ አልጠየቅኩም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ የኅትመት ዕውቀት አለን ማለት ነው፤ ብዙው ግን ያለው እንደነዚህ ባሉ ሰዎች እጅ ላይ ነው።

ሦስተኛው ደንበኛ ነው። የሠርግ ካርድ ቀላል ይመስላል፤ ኃይሌ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው? ቤተሰቡን ጠይቅ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ሲጻፍ ዕለቱ ይገጥማል? ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ ካላንደር አውጥተህ አረጋግጥ። ከዚያ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ከዋናው ጋር ያመሳክራል። ደንበኛው ፕሩፉ ላይ ሳይፈርም ምንም አይታተምም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በኔ ጊዜ ሌላ ድርጅት የተመደበች የክፍል ጓደኛ ነበረችን። ፊደል በመሣል ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። የተመደበችበት ቦታ የታክሲ እንኳ አይከፍልም፤ ቤቷ ደግሞ ከከተማው ዳር ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ቀረች፤ ዛሬ ከሙያው የለችም። እኔ የቆየሁት ስለምበልጣት አይደለም። ጋሼ በየሳምንቱ የታክሲና የምሳ ከኪሳቸው ስለሚሰጡኝ ነው። ልዩነታችን ይሄው ነው። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ፎቶኮፒ ሲያነሳ ከርሞ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ፤ ውጤትም ተሰጠው።

አሁን እኮ ዲዛይን በስልክም በደቂቃ ይሠራል። ሰጠ ሸጠ አለመሆኑን የሚያይ ዓይን ግን የሚሠለጥነው ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ስለዚህ ስቱዲዮና ማተሚያ ቤት ያላችሁ ጓደኞቼ፣ በዓመት አንድ ተማሪ ተቀበሉ። የታክሲና የምሳ ቻሉት። አንድ ሥራ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከደንበኛው ቃል ጀምሮ እስኪታተም ድረስ በእጁ ይለፍ፤ ስሙም ይጻፍለት። መምህራኖቻችንን ደግሞ የምንለምነው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ብቻውን ውጤት እንዳያሰጥ ነው። ተማሪው የታተመውን ሥራና እርማት የተጻፈባቸውን ረቂቆች ይዞ ይምጣ፤ ከእናንተም አንድ ሰው ቢያንስ አንዴ ሄዶ ይየው።

መውጫው በር አጠገብ መዝገብ አስቀምጠናል። የድርጅታችሁን ስም፣ ስንት ተማሪ እንደምትቀበሉና ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ ጻፉበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ እኔ ሁለት ብዬ ጽፌአለሁ። እራት ከመቅረቡ በፊት ገጹ ቢሞላ ደስ ይለኛል።