ለሁለት የተከፈለ ሜዳ
ለማኅበሩ አባላት በጎብዬ የቀረበ ንግግር



ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች በጎብዬ፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ኳስ የሚያሳድድ ልጅ የአበበ ቢቂላን፣ የምሩጽ ይፍጠርን፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ስም ለመጥራት አይቸገርም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ማን ነበሩ ተብሎ ቢጠየቅ ግን ዝም ማለቱ አይቀርም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሯጭ ሜዳልያ አንጠልጥሎ ይታያል፤ በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጦ «አይሆንም» ያለ ሰው ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል የለውም። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በዚህ «አይሆንም» ላይ፣ በተለይም ቃሉ ከየት እንደ መጣ ላይ ነው።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው፣ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጁ ግን ያደላው ለኳስ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲመሠረት ገና የዐሥራ አራት ዓመት ብላቴና ነበሩ። ከዚያ ጀምሮ ለሃያ ሦስት ዓመታት ያህል የዚያን ቡድን መለያ ለብሰው ተጫውተዋል።

ቡድኑ ገና ጥርስ ሳያወጣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ከተማዋን በዘር ሲከፋፍል ሜዳውንም አልተወውም። ለአገሬው ልጆች ለብቻቸው ቡድን ተቋቋመላቸው፤ ስሙንም የሚያወጣላቸው ገዢው ሆነ፤ ከነጮቹ ቡድን ጋር መጋጠም ግን ክልክል ነበር። ነገሩ የሚያስገርም ነው። ጠመንጃ የያዘው ወገን ባዶ እጁን ከሚሮጥ ወጣት ጋር ዘጠና ደቂቃ ለመጫወት ፈራ። ቢሸነፍ የበላይነቱ ትርጓሜ ምን ሊሆን ነው? ከነጻነት በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ከቀሩት ጣሊያኖች ቡድን ከፎርቲቱዶ ጋር ተጋጠመ፤ አሸነፈም። የዚያ ቀን ደስታ የዋንጫ ደስታ ብቻ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ይድነቃቸው የዘር መድሎን የተማሩት ከዲፕሎማቶች መግለጫ አልነበረም። ለሁለት የተከፈለ ሜዳ ምን እንደሚመስል በጉርምስናቸው፣ በገዛ አገራቸው፣ በጫማቸው ረግጠው ያውቁታል።

ከነጻነት በኋላ ይድነቃቸው ተጫዋችም፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤት አደራጅም፣ የእግር ኳስን ሕግ በአማርኛ ያዘጋጁ ሰውም ነበሩ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ብዙ ወንበር ይይዝ የነበረው በሥልጣን ጥም ሳይሆን ወንበሩን የሚይዝለት ሌላ ሰው በመጥፋቱ ነበር።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው እንዲካሄድ ተወሰነ። በደቡብ አፍሪካ ስም የመጡት ፍሬድ ፌል አገራቸው ወይ የነጮች ብቻ፣ ወይ የጥቁሮች ብቻ ቡድን እንደምትልክ፣ የተደባለቀ ግን እንደማይሆን አስታወቁ። ለይድነቃቸው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ከሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የሰሙት ቃል በሌላ ቋንቋ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ጉባኤው ሐሳቡን አልተቀበለም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች፤ ቆይቶም ከኮንፌዴሬሽኑ ተሰረዘች።

እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ዙር የደረሳት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበርና ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜውም ግብጽ 4 ለ 0 ረታቻት። አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ በአፍሪካ ሁለተኛ ወጣች ማለት ነው።

እውነተኛው ድል የመጣው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። በይድነቃቸው አሠልጣኝነት የተሰለፈው ቡድን መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ፣ በተጨማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ከመንግሥቱ ወርቁና ከግርማ ተክሌ ጋር ሁለት ወንድማማቾች፣ ኢታሎና ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ነበሩበት። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ፣ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት አሥመራ የተወለደ ነው። በካርቱም «የተደባለቀ አይሆንም» ለተባለው፣ ከአንቀጽና ከውሳኔ ይልቅ ይህ አሰላለፍ የተሻለ መልስ ሰጥቷል።

ዓለም አቀፉ ሸንጎ ግን ቀላል አልነበረም። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ካገደ በኋላ፣ ፕሬዚዳንቱ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በጥር 1955 ዓ.ም. ወደዚያው ሄደው ተመለሱና እገዳው ተነሣ። የራውስ መከራከሪያ ስፖርትና ፖለቲካ መቀላቀል የለባቸውም የሚል ነበር። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን በራያ አገር የድንበር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ድንበሩን መጀመሪያ የነቀለው ማነው? ተጫዋቹን በቆዳው ቀለም የለየው፣ ፖለቲካውን ሜዳ ውስጥ ያስገባው ፕሪቶሪያ ነው እንጂ ካይሮም አዲስ አበባም አይደሉም። የአፍሪካና የእስያ አባላት ድምፅ በበረታ ጊዜ፣ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የቶኪዮ ጉባኤ እገዳው ተመለሰ።

ለ1966 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ከ16ቱ ቦታዎች 10 ለአውሮፓ ሲሰጡ፣ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጠቅላላ አንድ ብቻ ተደረገ። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ዋንጫው በእንግሊዝ በሚካሄድበት በዚያው ወር፣ ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ናሚቢያ ሕዝብ በደቡብ አፍሪካ ላይ ያቀረቡትን ክስ የሄግ ፍርድ ቤት ድምፁ እኩል ለእኩል በሆነ ጊዜ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ውድቅ አደረገው። የተማሩት ዳኞች የከሳሾቹን መብት አላየንም አሉ፤ ኳስ ተጫዋቾቹ ግን በቀሩበት ሜዳ ተደመጡ። ለሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደችበት።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ቆዩ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ራውስ በብራዚላዊው ዦአዎ ሃቨላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ።

ያው ወር፣ ያው ከተማ ግን ሌላ ታሪክ አለው። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ምሩጽ ይፍጠር አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ። አራት ዓመት መጠበቅ ያልቻለው፣ ጉልበቱ በዚያ ክረምት ብቻ የነበረው አትሌት ስሙ በየትም መዝገብ የለም። የመርሕ ዋጋ ሲነገር ከፋዩ ማን እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ደግሞም ስለ ሶዌቶ ወጣቶች ደም አትሌቶቹን ከሞንትሪያል የጠራው መንግሥት፣ ዓመት ሳይሞላ በአዲስ አበባ አደባባዮች የገዛ ወጣቶቹን ደም አፈሰሰ። ይህ የይድነቃቸውን ሥራ አያሳንሰውም፤ ነገር ግን አንዱን አንሥቶ ሌላውን መሸፈን ታሪክ መጻፍ አይባልም።

ኮንፌዴሬሽኑ ግን ከካርቱም ውሳኔው ንቅንቅ አላለም። ይድነቃቸው የአፓርታይድን መጨረሻ ሳያዩ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።

ካረፉ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በጥር 1988 ዓ.ም.፣ በካርቱም ከመጀመሪያው ውድድር የወጣችው ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ዋንጫ አስተናገደች። በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 ረታች፤ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው ማርክ ዊሊያምስ ነው። ኔልሰን ማንዴላ የቡድኑን መለያ ለብሰው በሜዳው ነበሩ። ዋንጫውን ያነሣው የተደባለቀው ቡድን አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነበር።