በመቃብር ቦታ ስለ መሮጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)

ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሰውነቱን ለማፍታታት በማለዳ ተነሥቶ ቢሮጥ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ነገር ግን በከተማ ውስጥ ለሯጭ የሚመች ቦታ ጥቂት ነው። በአውራው ጎዳና ላይ የመኪናው ብዛት ያሠጋዋል፤ ጢሱም ያፍነዋል። በየሰፈሩ መንገድ ደግሞ ድንጋዩና ጉድጓዱ እግሩን ያሰናክለዋል። ስለዚህ ጸጥታና የዛፍ ጥላ የሚሻ ሯጭ ፊቱን ወደ መቃብር ቦታ ቢያዞር የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያ መሮጥ ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ በምን ሥርዓት? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ነገር ለመናገር የደፈርሁት አዋቂ ስለ ሆንሁ ሳይሆን ራሴ ስለ ተሳሳትሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘበኛውን አስፈቅጄ በከተማው ዳር በሚገኝ አንድ የመቃብር ቦታ በየማለዳው እሮጥ ነበር። አንድ ቀን ሰዓቴን እያየሁ፥ የትናንቱን ፍጥነቴን ለመብለጥ እየተጣደፍሁ ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ስል፥ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አፈሩ ገና ካልደረቀ መቃብር አጠገብ ተቀምጠዋል። ጠጠሩን እያስፈነጠርሁ በአጠገባቸው አለፍሁ። እሳቸውም ደንግጠው ተነሡና፥ «ልጄ፥ ምን ደረሰብህ? ማን ሞተብህ?» ብለው ጮኹ።

እኒያ እናት በዚያ ቦታ ሲሮጥ የሚያውቁት መርዶ የደረሰውን ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን ኀዘን ትተው ለእኔ አዘኑልኝ። «እማማ፥ ማንም አልሞተብኝም፤ ለጤናዬ ብዬ ነው» ብዬ መመለስ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ጤና የሚለው ቃል በዚያ አዲስ መቃብር ፊት ከአፌ አልወጣም አለኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብቻ አልሁ። እሳቸውም በዚያ የተቀበረው ልጃቸው መሆኑን ነገሩኝና፥ «እግዜር ይጠብቅህ፤ ቀስ ብለህ ሂድ» አሉኝ።

ነገሩን ሳስበው፥ ሙታን በሯጭ ኮቴ አይነቁም። የሚጎዳው ከመቃብሩ አጠገብ የተቀመጠው ኀዘንተኛ ነው። እንግዲህ የዚህ ሥርዓት መሠረቱ አንድ ነው፤ በመቃብር ቦታ ባለቤቱ ኀዘንተኛው ነው፤ ሯጩ እንግዳ ነው።

በሌሎች አገሮች ያለው ልማድ አንድ ዓይነት አይደለም። ቤትሆቨንና ሹበርት ያረፉበት የቪየና ማዕከላዊ መቃብር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ዓ. ም. የተከፈተ ሲሆን፥ ስፋቱ 2.5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦታው ሰፊ በመሆኑ ለሯጮች ምልክት የተደረገበት መንገድ ተለይቶላቸዋል። በአንጻሩ፥ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አጠገብ፥ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፥ ከ400,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ይገኛል። በዚያ በየሥራው ቀን ብዙ ቀብር ስለሚፈጸም ሩጫ ክልክል ነው።

በእኛ አገር ደግሞ መቃብሩ አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ምእመናን ደጁን ተሳልመው ወደሚገቡበት ቅጥር ሯጭ ሆኖ መግባት አይገባም፤ ሩጫው ከበሩ ውጭ ይቁም። በሙስሊሞችም ዘንድ መቃብርን መርገጥና በላዩ መቀመጥ በሃይማኖታቸው የተነወረ ነው።

ከእነዚህ ውጭ በሆነና በተፈቀደ የመቃብር ቦታ የሚሮጥ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ።

አንደኛ፤ አስቀድሞ ኀላፊውን ወይም ዘበኛውን ይጠይቅ፤ በበሩ ላይ የተጻፈውንም ያንብብ።

ሁለተኛ፤ ከተሠራው መንገድ አይውጣ። ድንጋይ ያልቆመለት የድሀ መቃብር ብዙ ነውና፥ ባዶ ሣር መስሎት የሚረግጠው የሰው ማረፊያ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፤ ኀዘንተኛ ባየ ጊዜ ሩጫውን ትቶ በእርምጃ ይለፍ። ሰልስት፥ አርባ ወይም ሙት ዓመት ለማሰብ የመጡ ሰዎችን ካየ በሌላ መንገድ ይዙር። ቀብር ካጋጠመው ቆቡን አውልቆ አስከሬኑ እስኪያልፍ ይቁም፤ የዚያን ቀን ሩጫውም በዚያው ይብቃው።

አራተኛ፤ በሐውልት ላይ እግሩን ሰቅሎ ጅማቱን አያፍታታ፤ ጫማውንም ለማሰር በመቃብር ድንጋይ ላይ አይቀመጥ። ምራቁን አይትፋ፤ ከስልኩ ዘፈን አያሰማ፤ ከጓደኞቹም ጋር እየተጯጯኸ አይሽቀዳደም።

«ሩጫ ክቡር ሥራ አይደለምን?» የሚል ቢኖር፥ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ያረፈውን ሻምበል አበበ ቢቂላን ያስታውስ። በ1952 ዓ. ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ. ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው። በ1961 ዓ. ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በጥቅምት ወር 1966 ዓ. ም. ዐረፈ። በሜክሲኮ ያሸነፈው ሻምበል ማሞ ወልዴም በ1994 ዓ. ም. በዚያው ተቀብሯል። በሩጫ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መምህራን የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። ሆኖም በእነርሱም መቃብር ፊት ክብር የሚሰጠው በመሮጥ አይደለም፤ በመቆም ነው።

እኔ ዛሬም እሮጣለሁ። ነገር ግን ከመቃብር በር ስደርስ ሰዓቴን ከእጄ አውልቄ በኪሴ አኖረዋለሁ። ከፊቴ ሰው ተቀምጦ ባየሁ ጊዜም የእኒያ እናት ድምፅ በጆሮዬ ይመጣል፤ ቀስ ብዬም እሄዳለሁ። በዚህ የሚጠፋብኝ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው።