ቀይ መብራት ከፊት ሲመጣ

(በኮልፌ ቀራንዮ ማታ ማታ ለሚማሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና መብራት ነው። «መኪና የለን፤ ይህ ምን ያገባናል?» የሚል ይኖራል። መኪና ባይኖረንም መንገዱ የጋራችን ነው። አጣናውን ይዞ ወደ አጣና ተራ የሚገባ፣ ከሰበታ ወይም ከቡራዩ በኩል እህልና ዶሮ ይዞ የሚመጣ፣ አህያውን እየነዳ በጅማ መንገድ ወደ አየር ጤና የሚያዘግም ሰው መብራት ማንበብ አለበት። እናንተ ፊደል ለይታችኋል። መብራትም እንደ ፊደል ይነበባል።

እስቲ ከአንድ ጎረቤቴ ልጀምር። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ መሸበት። ገና ድንግዝግዝ ነው። መንገዱን ሊሻገር ሲል ራቅ ብሎ ሁለት ቀያይ መብራቶች አየ። «ቀይ የኋላ መብራት ነው። መኪናው ወደዚያ እየሄደ ነው» አለና አህያዋን ነድቶ ገባ። መኪናው ግን ወደ እሱ እየመጣ ነበር። ባለቤቱ ለጌጥ ብሎ ከፊት ቀይ አምፖል አስገጥሟል። ነጩን መብራት ደግሞ ገና አላበራም። ፍሬኑን ቢይዝም አልደረሰለትም። አህያዋ እዚያው ሞተች። ጎረቤቴ እግሩ ተሰብሮ ሦስት ወር ተኛ። ያ የእርሻ ወቅት ነበርና መሬቱን ሌላ ሰው አረሰለት፤ ምርቱንም ለሁለት ተካፈሉ።

ጎረቤቴ ያነበበው በትክክል ነው። የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ጽሑፍ የትኛው ነው? ከመኪና ፊት የሚታየው ነጭ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ መብራት ነው። ከኋላ ያለው ቀይ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ቀዩ ይደምቃል። ሊታጠፍ ሲል በጎን በኩል ቢጫው ብልጭ ድርግም ይላል፤ እሱን ፍሬቻ እንለዋለን። መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስ ብቻ ከኋላ ነጭ ይበራል። ይህ የአንድ አገር ልማድ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ከፊት ቀይ መብራት እንዳይታይ ይላል። ከፍሬቻና ከልዩ ማስጠንቀቂያ መብራት በቀር ብልጭ ድርግም የሚል ነገር እንዳይኖርም ይላል። ለምን? በጨለማ መኪናው ራሱ አይታይማ። የምናየው መብራቱን ብቻ ነው። መምጣቱንና መሄዱን የምናውቀው በቀለሙ ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊውና ወደ ቀዩ ብልጭልጭታ እንምጣ። ይህ የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ምልክት ነው። ቀለሙ በየአገሩ ይለያያል። በጀርመንና በፈረንሳይ ሰማያዊ ነው፤ በጃፓን ቀይ ነው። ትርጉሙ ግን አንድ ነው፤ «ነፍስ ይዣለሁ፣ መንገድ ልቀቁ» ማለት ነው። ይህን ሲያይና ሳይረኑን ሲሰማ ሹፌር ሁሉ ዳር ይይዛል። እግረኛም አይሻገርም። ከብት የሚነዳም ከብቱን ይሰበስባል።

ይህ ነገር እኛን በጣም ይነካናል። የወረዳ አምቡላንስ ምጥ የያዛትን እናት ይዞ ሲመጣ ያላየ አለ? ከሰበታ በኩል የሚመጣ አምቡላንስ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በአየር ጤና ነው። እዚሁ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ነበር። ዛሬ በመኪና አደጋ የተጎዱም ይታከሙበታል። ከአየር ጤና እዚያ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። በሥራ መውጫ ሰዓት ግን መኪናው ተጨናንቆ ከቆመ፣ ደም የሚፈሰው ሰው አይጠብቅም።

ታዲያ አንዳንድ የግል መኪና ባለቤት ከመኪና ጌጣጌጥ ሱቅ ሰማያዊ ብልጭልጭ ገዝቶ ያስገጥማል። አንዱ ለማማር ነው። አንዱ ደግሞ ሰልፍ ጥሶ ለማለፍ ነው። እኔ ራሴ አንድ ምሽት ታክሲ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። አንድ የቤት መኪና ከኋላችን ሰማያዊውን እያብለጨለጨ መጣ። ሹፌራችን ደንግጦ ወደ ዳር ወጣ። መኪናው ሲያልፍ ውስጡ ያሉት ጎረምሶች ይሳሳቃሉ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰማያዊ መጣ። ሹፌራችን «አሁንስ አልሞኝም» አለና መንገዱን ሳይለቅ ቀረ። ያኛው እውነተኛ አምቡላንስ ነበር። ሹፌሩን ልወቅሰው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

ሕጉ ምን ይላል? የግል መኪና የአደጋ ጊዜ መኪና መብራትና ሳይረን መግጠም አይፈቀድለትም። በ2002 ዓ.ም. ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ወጣ። መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ መብራቱም ይታያል። ያለፈው ቦሎ ይለጥፋል። በ2003 ዓ.ም. የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ወጣ። እሱም በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ። የቅጣቱ ገንዘብ በየጊዜው ስለሚለወጥ ቁጥሩን አልጠራም። አንዳንዱ ግን ብልጥ ነው። ለምርመራ ሲሄድ መብራቱን ይነቅላል፤ ቦሎውን ለጥፎ ሲመለስ መልሶ ይሰካዋል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር ብቻውን አይበቃም፤ ማታ መንገድ ላይ ማየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ስለ ሠርግም ትጠይቁኛላችሁ። ሙሽራ ሲታጀብ መኪናው ሁሉ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ጡሩምባ እየነፋ ይሄዳል። ደስታውን አልቃወምም፤ እኔም ታጅቤ ነው ያገባሁት። ነገር ግን አራቱም አብረው የሚበሩት «ተበላሽቼ ቆሜያለሁ፣ ተጠንቀቁ» ለማለት ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲበራ መኪናው ወደ ግራ ይታጠፍ ወደ ቀኝ አይታወቅም።

ንግግሩ ሲያልቅ አንድ አዛውንት ተነሡና «ልጄ፣ እውነተኛው ሰማያዊና የውሸቱ በምን ይለያል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ከሩቅ አይለይም» አልኳቸው። «ለሁሉም መንገድ ይልቀቁ። የውሸቱን ማሳለፍ ከሚጎዳን ይልቅ እውነተኛውን ማገድ ይጎዳናል። ካለፈ በኋላ የግል መኪና መሆኑን ካዩ፣ የሰሌዳውን ቁጥር አንብበው ለትራፊክ ፖሊስ ይንገሩ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው። አምቡላንስ ሲያስፈልግ የቀይ መስቀል 907 ነው፤ እሳት ሲነሣ 939 ነው። ቁጥር ማንበብ እንደሆነ ተምረዋል።»

«ቁጥርስ ተምሬያለሁ» አሉ አዛውንቱ፤ «ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ዓይኔን እያጠፋው እንዴት አድርጌ ላንብበው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እውነታቸውን ነው።