ፎቶግራፉን ማን አነሣው?

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በደረሰኝና በቁጠባ ደብተር ነው። ወደ መድረኩ ስወጣ ግማሾቻችሁ «ደግሞ የማን ውዝፍ ሊነበብ ነው?» ብላችሁ እንደ ደነገጣችሁ ከፊታችሁ አይቻለሁ። ዛሬ ውዝፍ የለም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ፎቶግራፍ አንሺና ፊልም ሠሪ ነው፤ አገሩም ሩቅ ነው፣ አውስትራሊያ።

ነገሩ የጀመረው ከዓመታዊው ሪፖርታችን ነው። ባለፈው ዓመት ሠንጠረዡን ጨርሼ ፎቶዎቹን ሳስገባ፣ ከአንዷ አባላችን ፎቶ ሥር «ተጠቃሚ ቁጥር 47» ብዬ ጻፍኩ። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ቤቷ ገብቼ ቡናዋን ጠጥቻለሁ። ግን መዝገቡ ላይ 47 ስለሆነች 47 ብዬ አለፍኩ። የከነከነኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ለምን እንደ ከነከነኝ ልንገራችሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ የርዳታ ድርጅት እናቴን ስንዴ ልትቀበል በተሰለፈችበት ፎቶ አንሥቷት ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ በራሪ ወረቀት ላይ አገኘናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቷል፣ እጇ ተዘርግቷል፣ ከሥሯ ስም የለም። እናቴ ወረቀቱን ጥቂት አየችውና «ያን ቀን ጸጉሬን እንኳ አልተሠራሁም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ይህን ሜልቦርን ለምትኖር የአክስቴ ልጅ ሳጫውታት «ማይክል ራይሊ የሚባል ሰው ሥራ ፈልገሽ እይ» አለችኝ። ፈልጌ አየሁ።

ማይክል ራይሊ በ1960 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ደቦ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከእኛ ደቦ ጋር የሚያገናኛት ድምፁ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ስሰማው ደስ አለኝ። አባቱ ከዊራጁሪ፣ እናቱ ከካሚላሮይ ሕዝብ ናቸው። ሁለቱም አቦርጂናል ከሚባሉት፣ እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት አሥር ሺዎች ዓመታት በዚያች ምድር ከኖሩት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ናቸው።

እሱ ሲወለድ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 127፣ የሕዝብ ብዛት ሲሰላ አቦርጂናሎች እንዳይቆጠሩ ይደነግግ ነበር። እኔ በሥራዬ ብዙ የድምር ግድፈት አይቻለሁ፤ ሰው ከድምሩ እንዲወጣ በሕገ መንግሥት የታዘዘበትን ግን አላየሁም ነበር። አንቀጹ የተሰረዘው በ1967 በሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ድምፅ ከሰጠው ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ለውጡን ደገፈ። ማይክል ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

የሚገርመው በሕዝብ ቆጠራ ያልተደመሩት እነዚሁ ሰዎች ፎቶግራፍ ሲነሡ ቁጥር ይሰጣቸው ነበር። ኖርማን ቲንዴል የሚባል የደቡብ አውስትራሊያ ሙዚየም ተመራማሪ በ1938 እና በ1939 ከአንድ አሜሪካዊ ባልደረባው ጋር በየሚሲዮን ጣቢያውና ለአቦርጂናሎች በተከለሉት ሠፈሮች እየዞረ ሰዎቹን ከፊትና ከጎን አነሣቸው፤ አካላቸውን ለካ፤ በመለያ ቁጥር መዘገባቸው። ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር አልልም። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉት በእነዚያው መዝገቦች ነው። ግን ፎቶዎቹን ስታዩ፣ ለካሜራው ማንም «እንዲህ ሆኜ ልታይ» ብሎ እንዳልቀረበ ይገባችኋል። የእናቴን ሰልፍ አስታወሰኝ።

ራይሊ ወጣት ሳለ አናጺነት ሊማር ሲድኒ ገባ፤ ፎቶግራፍ የተማረውም እዚያው ነው። በ1990 አካባቢ ካሜራውን ይዞ ወደ እናቱ አገር፣ ሞሪ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተመለሰ። ከጀርባ ሸራ ዘረጋና ሰዎቹን አነሣ። የሚነሡት ዘመዶቹና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እናት ከልጆቿ ጋር አለች፤ ቀጥ ብለው የቆሙ ወጣቶች አሉ። እኔ ደጋግሜ ያየሁት የአንዲት አሮጊትን ነው። ውሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የፎቶው ርዕስ ስማቸውን ይጠራል፤ ውሻውንም አልረሳውም። ችግር በሞሪ አልነበረም ማለት አይደለም። ችግሩን የማያውቀው ግን ከሩቅ የመጣ ሰው ነው እንጂ ራይሊ አይደለም፤ እሱ ያነሣው የሚያውቃቸውን ሰዎች እንጂ ችግራቸውን አይደለም። በኋላም በ1998 በአባቱ ወገን በታልብራገር ያደጉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንዲሁ አነሣ።

ፊልምም ይሠራ ነበር። ከፊልሞቹ ሁሉ እኔን የነካኝ በ1996 ስለ አያቱ ስለ አሌክ ራይሊ የሠራው «ብላክትራከር» ነው። አያቱ ለፖሊስ ዱካ ፈላጊ ነበሩ። የጠፋ ልጅም ሆነ ያመለጠ ወንጀለኛ ሲፈለግ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በ1941 የሳጅንነት ማዕረግ፣ በ1943 በንጉሡ ስም የተሰየመ የፖሊስ ሜዳልያ አገኙ። በ1950 ሲሰናበቱ ግን ጡረታ ተከለከሉ። ሜዳልያ አላቸው፣ ጡረታ የላቸውም! ይህን ሳነብ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በአዳራሹ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ሠርታችሁ በባዶ እጅ የወጣችሁ ስላላችሁ ከዚህ በላይ አላብራራም። የልጅ ልጃቸው የሠራው ፊልም የተከለከሉትን ገንዘብ አይመልስም፤ ታሪካቸውን ግን በአገሩ ቴሌቪዥን አስተላለፈው።

አሁን ወደ እኛ ወደሚቀርበው ልምጣ። በ1980ዎቹ በከተማ ያሉ አቦርጂናል ሠዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቦታ በቀላሉ አያገኙም ነበር። «እውነተኛው አቦርጂናል ሥዕል በገጠር በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚሠራው ነው፤ እናንተ ከተሜ ናችሁ» ይባሉ ነበር። በ1987 አሥር ሆነው ተሰባሰቡና ሲድኒ፣ ቺፐንዴል በሚባል ሠፈር የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን ቡማሊ አሉት፤ ከነባሮቹ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን መምታት፣ ምልክት ማኖር ማለት ነው። ከአሥሩ መሥራቾች ሰባቱ ሴቶች ናቸው። አንዷ ትሬሲ ሞፋት ናት፤ በ1993 «ቢዴቪል» የተባለውን ረጅም ፊልም በመሥራት ከአቦርጂናል ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ማኅበሩ ዛሬም አለ። እኛ ስንጀምር ስንት እንደ ነበርን ታስታውሳላችሁ፤ ወንበር እንኳ ከጎረቤት ነበር የምንዋሰው።

ራይሊ በ2000 «ደመና» የተባሉ አሥር ፎቶዎችን ሠራ። ሰማያዊ ሰማይና ደመና አለ፤ በመካከሉ አንድ ነገር ብቻ ተንሳፎ ይታያል፤ በአንዱ ላም፣ በአንዱ ላባ፣ በአንዱ መጽሐፍ ቅዱስ። ላሟም መጽሐፉም ወደዚያ አገር የገቡት ከሰፋሪዎቹ ጋር ነው። በመጀመሪያ ሳያት በላሟ ሣቅሁ፤ ቆይቼ ስመለከታት ሣቄ ጠፋ። በ2006 ፓሪስ ውስጥ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ሲከፈት ሥራቸው በሕንጻው ላይ እንዲሆን ከተመረጡት ስምንት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ አርቲስቶች አንዱ እሱ ነበር። እሱ ግን አላየውም። በ2004 በኩላሊት ሕመም በ44 ዓመቱ ሞተ። በዚያው በ2006 በአገሩ ብሔራዊ ጋለሪ ሥራዎቹን ሰብስባ ያሳየችው ብሬንዳ ክሮፍት ናት፤ ከአሥሩ የቡማሊ መሥራቾች አንዷ።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አቦርጂናል ማኅበረሰቦች የሞተ ሰው ስም መጥራትና ምስሉን ማሳየት ሐዘን የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ስለዚህ በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለ ምስል ከመታየቱ በፊት ማሳሰቢያ ይነገራል። እኛ ዘንድ የሟች ፎቶ በለቅሶ ቤት ተይዞ ይለቀስበታል። ልማዱ ይለያያል፤ መጠየቅ ግን በሁለቱም ቦታ ይቻላል።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤአለሁ። በሚቀጥለው ሪፖርት ማንኛዋም አባል ስሟን ራሷ በፈለገችው መንገድ ታስጽፋለች፤ ካልፈለገች ፎቶዋ አይወጣም። ፎቶውንም ካሜራ የለመዱ ሁለት የአባሎቻችን ሴት ልጆች ያነሣሉ። ቁጥሩ በእኔ ሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ አጋሮቻችን፣ ኦዲቱ እንዳይበላሽ አትስጉ። ሰብሳቢያችን «የሚያሳዝን ፎቶ ካላዩ ገንዘቡ ቢቀንስብንስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለበት። መልሱን አላውቅም አልኳቸው። አጋሮቻችን እዚህ ስላላችሁ ከእናንተው ብንሰማ ይሻላል።

47 ያልኳትን እህታችንን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። «ከነምጣዴ አንሡኝ፤ ምጣዱን የገዛሁት በማኅበሩ ብድር ነው፣ ከፍዬም ጨርሻለሁ» አለችኝ። እናቴንም ጠየቅኋት። «አሁን አልነሣም» አለች። አላነሣኋትም።

ቅጹ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከሻይ በኋላ መውሰድ ትችላላችሁ።