ቃፊር ያየውን ነው የሚናገረው

(ባለፈው እሁድ ጎረቤላ ላይ ለስካውት ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። በዝናቡ ምክንያት መምጣት ያልቻላችሁ ብዙዎች ስለጠየቃችሁን በጽሑፍ ለቀነዋል። የክረምቱ ፕሮግራምና ማሳሰቢያዎቹ ወደ መጨረሻው አካባቢ ናቸው፤ ወላጆች ሳታነቡ እንዳታልፉ።)

ይህን ጭቃና ይህን ጉም አልፋችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን።

ዛሬ የተጠራነው የክረምቱን ሥራ ለማሳወቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ያልተከፈለ ዕዳ አለብኝ፤ እሱን ልክፈል።

ባለፈው ክረምት ልጆቹን ይዘን ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት ጉብታ መሄዳችንን ታስታውሳላችሁ። ስንወጣ 31 ነበርን። መንገድ ላይ ጉም ወረደ፤ የእኛን አገር ጉም ታውቁታላችሁ፣ ከፊትህ ያለውን ሰው ጀርባ ይውጠዋል። ስንመለስ ስንቆጠር 30 ሆንን። አንድ የ12 ዓመት ልጅ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ገደል ለገደል እየተጣራን ፈለግነው። በመጨረሻ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው ያገኘልን። አንድ ድንጋይ ተጠግቶ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ቁጭ ብሎ ነበር። «ለምን አልተንቀሳቀስክም?» ስለው፣ «አንተ አይደለህ እንዴ ከጠፋህ ባለህበት ቁም ያልከን?» አለኝ። ልጁ የተማረውን ጠበቀ። በየማረፊያው መቁጠር የነበረብኝ እኔ ግን አልቆጠርኩም።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ማታውኑ በፔጃችን ላይ «ጉዞው በድምቀት ተጠናቀቀ» ብለን ከነፎቶው ለቀቅን። ስለጠፋው ልጅ አንድ መስመር የለም። ያን ፖስት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስንት ላይክ እንዳገኘም አስታውሳለሁ። እናቱ ግን አይታዋለች። እዚህ ተቀምጣለች፣ እትዬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤትሽ መጥቼ ጠይቄሽ ነበር፣ ነገር ግን በአደባባይ የተዋሸ በአደባባይ ካልታረመ አይታረምም ብዬ ነው።

ለምን ይህን አነሳሁ? ስካውትነት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለሌለኝ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ስካውት የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለአገር ፍቅር ንቅናቄ ምን ያደርግለታል?» ብላችሁ በኮሜንት ጽፋችኋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች ውስጥ ያለውን ድርጅታዊ ስካውት የጀመረው ባደን ፓወል የሚባል የእንግሊዝ ጄኔራል ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን ሰብስቦ አሰፈረ፤ በዓመቱም መጽሐፉን አወጣ። እኛም አገር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች ስካውት ነበረ፤ ደርግ ሲመጣ ነው የቆመው። አባቶቻችን መካከል ሻርፕ አስረው ያደጉ አሉ፣ ጠይቋቸው።

ሥራው ግን ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? በእኛ ቋንቋ ስሙ ቃፊር ነው። ቃፊር ከሠራዊቱ ፊት ይሄዳል፣ መንገዱን ያያል፣ ውኃው የት እንዳለ፣ ጠላት የት እንዳደረ ያጣራል፣ ተመልሶም ያየውን ይናገራል። የሰማውን አይደለም፣ የሚፈልጉትንም አይደለም፣ ያየውን! ቃፊር ከዋሸ ሠራዊት ገደል ይገባል።

ዓድዋን አስታውሱ። ባሻ አውአሎም ጠላት መሐል ገብቶ «የምኒልክ ሠራዊት ለስንቅ ተበትኗል» የሚል ወሬ ለባራቲየሪ አደረሰ፤ ለራሱ ወገን ግን እውነቱን ይዞ ተመለሰ። ጣሊያን የሰማውን ወሬ ሳያጣራ ተነሣ። በዚያ ላይ በእጁ የያዘው ንድፍ ካርታ ልክ አልነበረም። ጄኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ፤ ካርታው ላይ ስሙ የተጻፈበት ኮረብታና የአገሬው ሰው በዚያ ስም የሚጠራው ኮረብታ ግን የተለያዩ ነበሩ። ወደ ፊት ገፍቶ ሄደ፣ ከሌሎቹ ተነጠለ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ጠዋት ብቻውን ከእኛ ሠራዊት ጋር ተፋጠጠ። ተማረከ። በአገራችን ጀግንነት ጥንትም አምናለሁ፣ ነገር ግን ያን ቀን አገርን በስሟ የማያውቅ አገርን በስሟ በሚያውቅ መሸነፉንም አትርሱ።

እስኪ እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። እኛ አገራችንን በስሟ እናውቃታለን?

እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ እዚሁ አንኮበር ተቀመጠ። ተመልሶ ስለ እኛ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። ከእሱ በኋላ ጣሊያኑ አንቲኖሪ ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፍሮ ወፉን፣ ዛፉን፣ አየሩን ሲመዘግብ ኖሮ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1882 ሞተ። የአንኮበር ሰሪን የምትባለው ቡናማ ትንሽ ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፤ ገደላችን ላይ ስትንጫጫ ኖራ በሳይንስ የተመዘገበችው ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፣ የመዘገባትም የውጭ ሰው ነው። ሊያያት ባሕር አቋርጦ የሚመጣ አለ። ከመካከላችን ለይቶ የሚያሳይ እጁን ያውጣ? ... አያችሁ፣ ሦስት እጅ።

ሰውየዎቹን አልወቅስም፣ ሥራቸውን ሠሩ። እኔን የሚቆጨኝ የእኛ ነው። ስለ ምኒልክ ቀኑን ሙሉ በፌስቡክ እንሟገታለን፤ ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ጉብታ የሚወስደውን መንገድ ግን በጉም ጊዜ አናውቀውም። እኔ ዲግሪ ይዤ ሥራ ሳጣ ቤት ቁጭ ብዬ ስልክ ስነካካ ከዋልኩባቸው ወራት ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ይህን ማወቅ ነው፦ በስልክ የምትወደድ አገር እግር የላትም።

ስለዚህ የዘንድሮው ክረምት ሥራችን ቀላል ነው። አገራችንን ማወቅ፣ ለሰው መጥቀም፣ ያየነውን እንዳየነው መናገር። ዝርዝሩ ይኸውና።

አንደኛ፣ ችግኝ። ከሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ እንተክላለን። ኮሶ፣ የሐበሻ ጥድና ወይራ ነው የምንተክለው። ገደሉ አፋፍ ላይ ባሕር ዛፍ አንተክልም፤ ወፏም ዝንጀሮውም የሚኖሩት እዚያ ነው። ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈራል፣ ችግኙ ሲተከል ላስቲኩ ይወልቃል፣ ላስቲኩም ተሰብስቦ ይመለሳል። እያንዳንዱ ልጅ የተከለውን በደብተሩ ይመዘግባል። አምና ተክለን ፎቶ ተነሣን፣ ከዚያ ማን ሄዶ አየ? ማንም። ዘንድሮ በመስከረምና በጥር ሄደን እንቆጥራለን። የደረቀውን «ደርቋል» ብለን በፔጁ ላይ እንጽፋለን።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት። የጤና ባለሙያ ለመለመን ጀምረናል። ደም ማቆም፣ የተሰበረ እጅ ማሰር፣ በብርድ የደነዘዘን ሰው ማሞቅ። ተራራ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የወፍና የዛፍ ደብተር። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ወጥተን ያየነውን እንመዘግባለን፤ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት። ስሙን በአገራችን ሰው አጠራር እንጽፋለን። የማታውቁትን ስም ከራሳችሁ አትፍጠሩ፣ አባቶችን ጠይቁ። የበረታ ቡድን መኸር ላይ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ይሄዳል።

አራተኛ፣ ነሐሴ 12። ምኒልክ በ1836 አንጎለላ ላይ የተወለዱበት ቀን ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ እንደገና እንወጣለን። ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ምኒልክ በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ወደ መቅደላ ሲወሰዱ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ አምልጠው ነው ሸዋ የገቡት። እናንተን የሚያህል ልጅ ነበሩ ማለት ነው። እዚያ የሚነገረውን ታሪክ የምንሰማው ከአካባቢው ሽማግሌዎች ነው፤ እኛ አናወራም፣ እንጽፋለን። ቀኑ የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ስንቁ የጾም ይሁን፦ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ። ማታው የቡሄ ዋዜማ ስለሆነ ከ9 ሰዓት በፊት ሁሉም ቤቱ ይገባል። ከአልዩ አምባ በኩል ለሚመጡ ሙስሊም ልጆቻችን የስግደት ሰዓት ተይዟል፤ ማንም እንግዳ አይደለም።

አሁን ማሳሰቢያዎቹ። እባካችሁ ጆሮ ስጡኝ።

በየሳምንቱ የምንገናኘው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም፣ 2 ሰዓት ሲሆን እንቆጠራለን፣ እንሄዳለን።

ማንም ልጅ ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትጣመራላችሁ፤ ጓደኛህ የት እንዳለ ስትጠየቅ «አላየሁም» ማለት የለም።

በየማረፊያው ቆጠራ አለ። ቆጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዷ ሴት። ቁጥራቸው ካልገጠመ አንድ እርምጃ አንንቀሳቀስም። ጉም ከወረደ ጉዞው ይቆማል፣ ደጋግሞ ከወረደ እንመለሳለን። ጉብታው የትም አይሄድም።

ሁሉም ልጅ ፊሽካ ይይዛል። ሦስት ጊዜ መንፋት «እርዱኝ» ማለት ነው። ለጨዋታ ሦስት ጊዜ የነፋ ለአንድ ወር ፊሽካው ይቀማል።

ይዛችሁ የምትመጡት፦ ውኃ፣ ቆሎ፣ የዝናብ ላስቲክ፣ ሹራብ፣ ደብተርና እርሳስ፣ ያላችሁ ዱላ። ቦት ጫማ የሌለው አይቅር፣ ባለው ይምጣ፤ እኛ እናያለን።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ፈተናችሁ እስኪያልቅ አትምጡ። አገር የምታገለግሉት አሁን በማጥናት ነው።

ገንዘብ አንሰበስብም። በቡድናችን ስም ብር የጠየቃችሁ ሰው ካለ ከእኛ አይደለም፣ ወዲያው ንገሩን።

የመጨረሻውና ከሁሉም በላይ ይህ ነው። ጊዜው ከባድ መሆኑን ታውቃላችሁ። እናት ልጇ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ በር ላይ የምትቆምበት ጊዜ ነው። ከንቅናቄያችን ውስጥ አንዳንድ ወንድሞች «ልጆቹን በሰልፍ እናሳይ፣ መፈክር እናስይዝ፣ የወታደር የሚመስል ልብስ እናልብስ» ብለዋል። ወንድሞቼ፣ አከብራችኋለሁ፣ ግን አይሆንም። የአንገት ሻርፕና የቤት ልብስ ብቻ ነው የሚለበሰው። መፈክር የለም፣ የፓርቲ ምልክት የለም። እያንዳንዱን ጉዞ ቀድመን ለቀበሌና ለወላጅ እናሳውቃለን፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ አንድም ልጅ አይወጣም። የ12 ዓመት ልጅ የማንም ሰልፍ ማድመቂያ አይደለም። እኛ አዋቂዎች የምንከራከርበትን እኛው እንከራከር። እነሱ ዛፍ ይትከሉ፣ ወፍ ይቁጠሩ፣ የደከመች እናት እንስራ ይሸከሙ። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ አገር ስትጠራው መንገዱን ያውቀዋል።

ለእናንተ ለወላጆች ቃል የምገባው አንድ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ማታ በፔጃችን ላይ ሁለት ቁጥር ይወጣል፦ ስንት ወጣን፣ ስንት ገባን። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ወይም አንድ ልጅ እግሩን ቢጫር እሱም ይጻፋል። ፎቶ ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት የጠፋው ልጅ ዘንድሮ ከሁለቱ ቆጣሪዎች አንዱ ነው። እሱ ራሱ ነው የጠየቀው። «እኔ ስቆጥር ሰው አይጠፋም» አለኝ። ተነሥ እስኪ ይዩህ!

በሉ፣ የተመዘገባችሁ ስማችሁን አረጋግጡ፣ ያልተመዘገባችሁ ከወላጅ ጋር ኑ። ቅዳሜ 2 ሰዓት!

እግዚአብሔር አገራችንን ይጠብቅ፣ ልጆቻችንን ያሳድግ። ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!