ተመልሶ ያመሰገነው እንግዳው ነበር

(ለአገልግሎቱ ደጋፊዎች በአዲስ አበባ፣ ጎተራ በተደረገ የምስጋና ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



 ስለ ቤታችን፣ ስለ ጉዞአችንና ስለ እምነታችን ጥቂት እንድንናገር ስለ ጋበዛችሁን እናመሰግናለን። የሥራውን ሪፖርት በየጊዜው ስለምታነቡ ዛሬ እርሱን አንደግምላችሁም። በሪፖርት ውስጥ ስለማይገባው ነገር ልንነግራችሁ እንወዳለን።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታ ከለምጽ ስላነጻቸው ዐሥር ሰዎች እናነባለን። ዐሥሩም ጮኸው ለመኑ፤ ዐሥሩም ነጹ። ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ጌታችን ይህን ሳይናገር አላለፈውም። ከዐሥሩ መካከል የተመለሰው የሌላ ወገን ሰው መሆኑን ለሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። ለምን እንግዳው ተመለሰ? እኛ እንደሚመስለን፣ በገዛ አገሩ የሚኖር ሰው ያገኘውን ሁሉ እንደ ድርሻው ይቈጥረዋል። እንግዳ ግን ድርሻ እንደሌለው ስለሚያውቅ፣ የተደረገለት ነገር ስጦታ መሆኑን አይረሳም። የዛሬው ንግግራችን በዚህ አሳብ ላይ ይቆማል።

ይህ የተሰበሰብንበት ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚህ ከቆሙት ትልልቅ የእህል ማከማቻዎች ነው። በገጠር ያደግን ሁላችን ጎተራን እናውቀዋለን፤ ከእንጨት ተማግሮ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ አይጥና እርጥበት እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ የእህል ቤት ነው። ዛሬ በሰፈሩ ላይ ማሳለጫ መንገዱ፣ ኮንዶሚኒየሙና በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ተጨምረውበታል። ስለዚህ አንድ ልጅ ጎተራ ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቅ መንገዱን ያሳዩታል እንጂ እህሉን አያሳዩትም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሁለት ዓይነት ጎተራ ያሳየናል። አንደኛው ሀብታሙ ሰው ለነፍሱ ብቻ አስቦ ሊያሰፋው ያቀደው ነው፤ በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ተጠየቀች። ሁለተኛው በግብፅ አገር ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የተከማቸበት ነው። ይህን ያስከማቸው ወንድሞቹ የሸጡት፣ በባዕድ አገር የታሰረው ዮሴፍ ነበር። ያስጠለለው አገር ብቻ ሳይሆን የሸጡት ወንድሞቹም ከዚያ እህል በሉ።

እኛ ባልና ሚስት የሆሳዕና ልጆች ነን። ሆሳዕና በቡታጅራ መንገድ ከዚህ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተመርቀን በ2006 ዓ.ም. ለቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ወደዚህ ከተማ መጣን። አገሩ አገራችን ነው፤ ፓስፖርት የጠየቀን ሰው የለም። ይሁን እንጂ ቤት ለመከራየት ስንዞር ዋስ የሚሆነን ሰው አልነበረንም፤ ስንናገርም አነጋገራችን ከየት እንደ መጣን ያሳብቅ ነበር። በዚያን ጊዜ የተቀበሉን ከደረጃው ማዶ የሚኖሩ አንዲት የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆኑ እናት ናቸው። ዕቃችንን ገና ሳንፈታ ቡና አፈሉልን። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ገንፎውን ያገነፉት እርሳቸው ነበሩ። ዕድር ያስገቡንም እርሳቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ይህ ለእኛ ተረት ሳይሆን የኖርንበት እውነት ነው።

ኑሮአችን እንደማንኛችሁም ነው። ጠዋት ልጆች ይቀሰቀሳሉ፤ ውኃ የመጣ እንደ ሆነ ጀሪካኖቹ ይሞላሉ፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ታክሲ ይጠበቃል። ልጆቻችን በቤት ሀዲይኛ ይሰማሉ፤ መልሱን ግን በአማርኛ ይሰጣሉ። ከቤተሰብ ቆጮ ተልኮልን በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከመናኸሪያ ስናመጣው ሽታው አራት ፎቅ ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን አንድ የጎረቤት ልጅ አፍንጫውን ይዞ ሮጠ፤ ዛሬ ያው ልጅ «ቆጮው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ይጠይቀናል።

ሥራችን ጉዞ የበዛበት ነው። ከመካከላችን አንዱ በወር ውስጥ ብዙ ቀን ከቤት ይርቃል፤ ሌላው ከልጆቹ ጋር ይቀራል። ገና ሳይነጋ መናኸሪያ እንደርሳለን፤ የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፈን ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም በወራቤ በኩል ወደ ሆሳዕናና ወደ ገጠሩ ቀበሌ እንወርዳለን። አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለው ጉዞ ሳለን ሁለተኛዋ ልጃችን በሌሊት በትኩሳት ታመመች። በቤት የቀረው ወላጅ ትልቁን ልጅ ለማን ይተው? እኚያ እናት ነጠላቸውን ደርበው ወጡ፤ አንዱን ልጅ ከእርሳቸው ዘንድ አስተኙ፤ ወንድ ልጃቸው ደግሞ ታማሚዋን ተሸክሞ እስከ ጤና ጣቢያው አብሮ ሄደ። ልጅቱ ዳነች። የሄደው ወላጅ ይህን የሰማው በማግስቱ፣ ስልክ ከሚሠራበት ኮረብታ ላይ ሲደርስ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ጸሎት የእኚህ ጎረቤት ስም ሳይጠራ አይቀርም።

የተወደዳችሁ ወገኖች፤ ስለ ምስጋና ስንናገር ግን ከባዱን ነገር ዘለን ማለፍ አይገባንም። ከቤተሰባችን ከእኛ ይልቅ ርቆ የሄደ አለ። ወንድማችን በ2003 ዓ.ም. በሞያሌ ወጥቶ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አልፎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። በመንገድ የሆነውን ሁሉ እስከ ዛሬ አልነገረንም። በመጀመሪያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ በየቤቱ በዱቤ ይሸጥ ነበር። በኋላም የአገራችን ልጆች ሎኬሽን ብለው በሚጠሩት የድሆች መንደር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ከብረት ፍርግርግ በስተ ኋላ ቆሞ ዳቦና ስኳር ይሸጣል። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ወጪያችንን የከፈለው እርሱ ነው። የወላጆቻችን ቤት የለበሰው ቆርቆሮም የእርሱ ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በደርባን አካባቢ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት በተነሣ ጊዜ ሱቁ ተዘረፈ፤ እርሱ በጓሮ አጥር ዘልሎ ነፍሱን አዳነ።

በዚያው ወር በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት ተገደሉ። ከመካከላቸው የዚሁ የቂርቆስ ልጆች ይገኙ ነበር። ጨርቆስ በተተከለው የኀዘን ድንኳን ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ወንጌላዊው አብረው ማልቀሳቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታሽገው ከነበሩ 78 ሰዎች 64ቱ ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ ጫካ ውስጥ ከ25 በላይ ሰዎች በጅምላ የተቀበሩበት ጉድጓድ ተገኘ። የሞዛምቢኩና የማላዊው የሆነው ወንድማችን በሄደበት መንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አባታችን ደወሉልን። ታናሻችን 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ፈተናውን አላለፈም። እርሱ ብቻ አይደለም፤ የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ። አባታችን በሬውን ሸጠው፣ ደላላው ከጠየቀው ገንዘብ የጎደለውን እኛ እንድንሞላ ፈለጉ። እኛም ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም ብለን ልጆቹን ይዘን ወረድን። በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ስለ ኮንቴይነሩ ነገርናቸው። አባታችን ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያም፣ «እናንተስ ሄዳችሁ የለም ወይ? ወንድማችሁስ ቢሄድ አይደለም ወይ እናንተ የተማራችሁት? ለእናንተ ከተማው፣ ለዚህ ልጅ እንሰቱ ብቻ ነው?» አሉን።

ይህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም፤ ከተማ ያለ ሰው፣ በስደተኛ ወንድሙ ገንዘብ የተማረ ሰው፣ «አትሂድ» ለማለት ምን አፍ አለው? በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 ዳዊት ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ተመኘ። ሦስት ኀያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ነፍሳቸውን አሳልፈው የሰጡ ሰዎች ደም ነው ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው እንጂ አልጠጣውም። እኛ ግን ጠጥተናል፤ ቆርቆሮው ከላያችን ነው፤ ትምህርቱም በአእምሮአችን ነው። ስለዚህ ምስጋናችን ዋጋውን ማወቅ አለበት። ውኃው ከየት እንደ መጣና በማን ነፍስ እንደ ተቀዳ የማያስብ ሰው፣ ሌላ ልጅ ደግሞ እንዲቀዳለት ይልካል።

በዚያው ምሽት ለወንድማችን ደወልንለት። አባታችን ራሳቸው ጠየቁት። እርሱም፣ «አባዬ፣ ስለ ቆርቆሮው እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ እኔ በመጣሁበት መንገድ ግን ሌላ ልጅ አትላኩ። እኔ እናቴን ካየሁ ስንት ዓመት ሆነኝ?» አላቸው። አባታችን ስልኩን ለእናታችን ሰጥተው ወደ ውጭ ወጡ። በሬው አልተሸጠም።

ነገር ግን በሬውን ባለመሸጥ ብቻ ልጁ እንጀራ አያገኝም። እዚህ ላይ ነው እናንተ የምትደግፉት ሥራ የገባው። በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ ቲርፈንድ ጋር በአዳማ በጥቂት ቡድኖች የጀመረችውን የራስ አገዝ ቡድን አሠራር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ እናቶች፣ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ከውጭ ገንዘብ አይሰጣቸውም። የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፤ ሰብሳቢነቱን በየተራ ይይዛሉ፤ እያንዳንዳቸው ከሚችሉት ትንሽ ብር ይቈጥባሉ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ይበዳደራሉ። የእናንተ ስጦታ የሚውለው ለአሠልጣኟ የጉዞ ወጪ፣ ለደብተሩና ለሥልጠናው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዲት እናት ብቻዋን ልትሸከመው የማትችለውን ቡድኑ ይሸከመዋል። እናታችን ከቡድናቸው ተበድረው ታናሻችን ብየዳ እንዲማር ከፈሉለት። ዛሬ በሆሳዕና በአንድ ጋራዥ በርና መስኮት ይበይዳል። ደላላው አሁንም በሰፈሩ አለ፤ ጓደኞቹም እየሄዱ ነው። ለከርሞ ምን እንደሚወስን አናውቅም። እስከ ዛሬ ግን አለ፤ ብድሩንም ከደሞዙ እየመለሰ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛ፣ ምስጋና በስም መጠራት አለበት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን እግዚአብሔር በእጃቸው የሠራባቸውን ሰዎች እንድንረሳ አይፈቅድልንም። ሳምራዊው ምስጋናውን በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ መንገዱን ቀይሮ ተመለሰ።

ሁለተኛ፣ የተቀበሉት እንግዳ ሊቀበል ይገባዋል። እግዚአብሔር እስራኤልን መጻተኛውን ውደዱ ሲላቸው ምክንያቱን አብሮ ነግሮአቸዋል፤ እነርሱም በግብፅ መጻተኞች ነበሩና። በዚህ ከተማ በ2002 ዓ.ም. ከወጣው ከካምፕ ውጭ የመኖር ፈቃድ ወዲህ ብዙ ኤርትራውያን ስደተኞች በኪራይ ቤት ይኖራሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ሱዳናውያን ቤተሰቦች መጥተዋል። ከእናንተም መካከል በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከዕድራችሁና ከቡና ጓደኞቻችሁ ተለይታችሁ ወደ ሌላ ሰፈር የሄዳችሁ አላችሁ፤ በገዛ ከተማ እንግዳ መሆን ምን እንደ ሆነ ልንነግራችሁ አያስፈልግም። አንድ ስኒ ቡና ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛ በአንድ ስኒ ቡና የከተማ ሰው ሆነናል።

ሦስተኛ፣ የተሰጠን ሁሉ ጎተራ ነው። ወይ ለራሳችን ብቻ እንደ ሀብታሙ ሰው እናሰፋዋለን፣ ወይ እንደ ዮሴፍ ለሚራቡት ቀን እናስቀምጠዋለን። ትምህርታችንን፣ ሥራችንን፣ የወንድማችንንም ላብ በዚህ ዓይን ለማየት እንለምናለን።

በመጨረሻም በጸሎታችሁ እንድታስቡን እንለምናችኋለን። ወንድማችን ሕጋዊ ወረቀት አግኝቶ እናቱን መጥቶ እንዲያይ ጸልዩ። ታናሻችንና እንደ እርሱ ያሉ ወጣቶች በአገራቸው ሠርተው የሚበሉበት በር እንዲከፈትላቸው ጸልዩ። በየመንገዱ ስለምንጓዝ ሠራተኞችና በቤት ስለሚቀሩ ቤተሰቦቻችን ጸልዩ። የእናቶቹን ቡድኖች የምታሠለጥነው እኅታችን ብቻዋን ብዙ ቀበሌ ስለምትሸፍን፣ ሁለተኛ ሠራተኛ እንድንጨምር በስጦታችሁ እርዱን።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።