ክሪኩ ሲከዳ የሚጠየቀው ማን ነው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአባሎቻችን ልጆች ብዙዎቹ በጋራዥ፣ በጎሚስታ ቤትና በብየዳ ሥራ እንደሚተዳደሩ የታወቀ ነው። ከእነዚህ አንዱ በሥራ ላይ ሲጎዳ ወደ እድራችን የሚመጣው የእርዳታ ማመልከቻ ነው፤ እኛም ደንባችንን እያየን አቅማችን የፈቀደውን እንሰጣለን። የልጁ መብት በሕግ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ በመዝገብ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ የኖርን እንጂ ጠበቃ አይደለንም። ቢሆንም ሕጉ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ያነበብነውን እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። የዘይት ክሪክ መኪና ተሸክሞ የሚቆመው ውስጡ ያለው ጎሚኒ ዘይቱን ስለሚይዝለት ነው። ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይቱ ያፈሳል፤ ክሪኩም ቀስ እያለ ወይም ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ፓራንኮም እንዲሁ ነው፤ ከልኩ በላይ ሲሸከም የኖረ ሰንሰለት ይሳባል፣ መንጠቆውም አፉን ይከፍታል። ስንት ቶን እንደሚችል በላዩ ላይ ተጽፏል፤ ታዲያ ማን ያየዋል? ልጆቹ የብረት ድጋፍ ሳይደረግ፣ ታኮ እንኳ ሳይገባ፣ በክሪኩ ብቻ ተማምነው መኪና ሥር ይተኛሉ።

አደጋው ሲደርስ ባለ ጋራዡ የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የከዳው ክሪኩ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል። ሰፈርተኛውም አንገቱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። ሕጉ ግን አይቀበለውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኀላፊ ነው። ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰ እንደሆነ ነው። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ፣ ወይም ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ ሰው ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጠራል። «በግልጽ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። አለቃው በበር ሲያልፍ «ተጠንቀቁ እናንተ ልጆች» ማለቱ ለእኛ መመሪያ አይመስለንም።

«እኔ ውል የለኝም፤ ረዳት ነኝ» የሚሉ ልጆች አሉ። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። በሰው ትእዛዝ ሥር ሆኖ በደመወዝ የሚሠራ ሁሉ ሠራተኛ ነው። በራሱ መሣሪያና በራሱ ኀላፊነት ጨረታ ተነጋግሮ የሚሠራ ሰው ግን በዚህ አዋጅ አይገባም፤ እሱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ በቶሎ ወደ ሕክምና ማድረስ፣ የሕክምናውንም ወጪ መክፈል አለበት። ልጁ ታክሞ እስኪመለስ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከመቶ 75 የማያንስ፣ ለቀጣዮቹ 6 ወራት ከመቶ 50 የማያንስ ያገኛል። በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ቢሆን በዓመቱ 33,000 ብር ይመጣል ማለት ነው። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው፣ የጡረታ ዋስትና ያለው እንደ ጡረታው ሕግ ይስተናገዳል፤ የሌለው የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ ያገኛል፤ በምሳሌያችን 240,000 ብር ነው። ሐኪሞች ከመቶ 30 ተጎድቷል ካሉ ደግሞ 72,000 ብር።

ይህ ሁሉ ያለ ጥፋት የሚከፈል ነው። ክሪኩ ዘይት እንደሚያፈስ ተነግሮት «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ ያሠራ ባለ ጋራዥ ግን ጥፋተኛ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ተጨማሪ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው ሕግ በቁጥር 2085 ዕቃውን ሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጠውንም ይጠይቃል፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ከሆነ ግን አምራቹ ነፃ ነው። እንግዲህ ብረቱ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ስንጥቅ አምራቹን ያስጠይቃል፤ ወለሉን ያጠቆረ ዘይት ግን የሚያስጠይቀው ጋራዡን ነው። ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ መክሰስ በወሬ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ከአሠሪው ጀምሩ።

ባለፈው ዓመት የአንድ አባላችን ልጅ ካምቢዮ ሲያወርዱ የፓራንኮው መንጠቆ ተከፍቶ ሁለት ጣቶቹን አጣ። ባለ ጋራዡ 10,000 ብርና «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት በሽማግሌ ላከ። ልጁ ከመፈረሙ በፊት አምጥቶ አሳየን። ሽማግሌን ማሳፈር አይወደድም፤ አዎ። ነገር ግን በእርቅ ውል የጨረሱት ነገር በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚጸና ስለሆነ፣ የሐኪም ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይወስን መፈረም የለበትም አልን። ቅር ያላቸው አሉ፤ ይሁን። ጉዳዩ አሁን በሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛው ለዚህ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። የተከፈተው መንጠቆ በጓደኛው ብልኀት ከቁራሌው ተርፎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ከእናቱ አልጋ ሥር ተቀምጧል። እሱ ባይኖር ክርክሩ ባዶ ወሬ ይሆን ነበር። ቀኑም ይሮጣል፤ በጥፋት ላይ የተመሠረተው የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል፤ የሥራ ክርክሩ ደግሞ ከዚያም ያጥራል።

ሠራተኛው በዚሁ ጉዳት ከሞተ የቀብር ወጪ የአሠሪው ግዴታ ነው። እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ ተብሎ አሠሪው ከዚህ አይድንም። የኛ ክፍያ የአባልነት ነው፤ የሱ የሕግ ነው።

ለኛም የሚሆን ነገር አለ። የተበላሸ ዕቃ መሆኑን እያወቀ ዝም ብሎ ያዋሰ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሊጠየቅ ይችላል። የእድራችን መሰላል ሦስተኛ እርከኑ ላልቷል። ስለዚህ ኮሚቴው ከመጋዘን አውጥቶ አዲስ እስኪገዛ ለማንም እንዳይሰጥ፣ ድንኳን ለሚተክሉት ልጆችም እንዳይሰጥ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊ በጽሑፍ አስታውቋል።